የጃርቷ ፕሮግራምና የገበያው ወሬ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ተስማምተው በሚኖሩባት በአንዲት የሸለቆ ከተማ፣ ጭነት በማመላለስ የምትተዳደር አህያ ነበረች። ጉልበቷ ብርቱ ነው፤ ክፋቱ መርሳቷ ነው። የፍየሏን ጨው ለላሟ፣ የላሟን ድርቆሽ ለፈረሱ አድርሳ ስንት ጊዜ በሐፍረት ተመልሳለች። በኋላ ግን ጃርት በስልክ የሚሠራ ፕሮግራም አወጣች። ፕሮግራሙ ማን ምን እንዳዘዘ፣ የትኛው መንገድ እንደሚቀርብ እየነገረ ይመራል። አህያዋ እሱን ከያዘች ወዲህ አንድም ጭነት አልሳተችም፤ ደንበኞቿም በዙ። ጥቂት ጥቂት እየቀመሰም ቢሆን ሥጋ የሚያመላልሰው አያ ጅቦ ይህን አይቶ ያንኑ ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጫነ።

አንድ ቅዳሜ ቀበሮ ገበያው መሃል ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወገኖቼ፣ እያዘንኩ ነው የምነግራችሁ። የጃርቷ ፕሮግራም ሊቋረጥ ነው። ወር እንኳ አይሞላውም።»

«ከማን ሰማህ?» አለች አህያዋ።

«አገር ያወቀውን ከማን ሰማህ ይባላል? እስቲ ሰሞኑን ጃርቷን ያያት አለ? በሯን ዘግታ ነው የከረመችው።»

እውነትም ያያት አልነበረም። ድሮም ቢሆን እሾኋን ፈርቶ ቤቷ ብቅ የሚል የለም።

«ደግነቱ» አለ ቀበሮ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «እኔ አዲስ ፕሮግራም አለኝ። ዛሬ ለሚጀምር ሦስት ወር በነፃ፣ ምርቃቱ ደግሞ አንድ ቅልጥም።»

ጅቡ ቅልጥም የሚለውን ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማም። «አምጣው» አለ።

«መጀመሪያ የድሮውን አጥፋዋ።»

ጅቡም የደንበኞቹን ስምና አድራሻ ከነፕሮግራሙ ድራሹን አጥፍቶ ቅልጥሙን ጎረሰ። አፉ እንደሞላ ወደ አህያዋ ዞረ። «እታለም፣ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?»

አህያዋ ግን ቸኩላ አላጠፋችም። በሚቀጥለው ሳምንት በጎች ልጃቸውን ይድራሉ፤ የሰርጉን ጭነት በሙሉ የተረከበችው እሷ ናት። ፕሮግራሙ መሃል መንገድ ላይ ቢቆምባትስ? የማታውቀውን የቀበሮን ፕሮግራም ብትይዝ ደግሞ ጉድ ቢሠራትስ? ሁለቱም አላማራትም። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ ይህን ሁሉ ሲያወሩ ጃርቷን የጠየቀ አንድም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሄዳ በሯን አንኳኳች። ጃርቷ እሾኋን ሁሉ አቁማ ወጣች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እመት ጃርት። ፕሮግራሙ ሊቋረጥ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። እውነት ከሆነ ካንቺው አፍ ሰምቼ ልዘጋጅ ብዬ ነው።»

የጃርቷ እሾህ ቀስ እያለ ተኛ። «ከተማው ሁሉ ያወራል፤ መጥቶ የጠየቀኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ። ግቢ።»

ገብተው እንደተቀመጡ ጃርቷ አልሸሸገቻትም። «የሚቋረጥ ነገር አለ» አለቻት። የአህያዋ ጆሮዎች ወደቁ። «የሚቋረጠው ግን አሮጌው ነው፤ እሱም በመጪው ዓመት። በሬን ዘግቼ የከረምኩት አዲሱን እየሠራሁ ነው። የደንበኞችሽ ዝርዝር እንዳለ ወደ አዲሱ ይሻገርልሻል።»

አህያዋ እፎይ አለች። ቢሆንም አህያ ናትና በዋዛ አልተነሣችም። «አንድ ቀን ሰልችቶሽ ሁሉንም ብትተይውስ?»

ጃርቷ ሳቀች። «ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ነይ ላሳይሽ።» ዝርዝሩን ከፕሮግራሙ አውጥታ ለብቻው እንዴት እንደምታስቀምጥ አሳየቻት። «በየሳምንቱ እንዲህ አድርጊ። ያኔ እኔ ብቆም እንኳ አንቺ አትቆሚም።»

አህያዋ ወደ ቤቷ የተመለሰችው እየፈነጨች ነበር።

የሰርጉ ዕለት ድርቆሹን፣ ዳሱን፣ ከበሮውን ሁሉ በየተራ አደረሰች። የመጨረሻውን ጭነት እያራገፈች ሳለ ከበሮው በድንገት ቀጥ አለ። ዞር ስትል በጎቹ ወደ ጓዳ ይሸሻሉ፤ ሙሽራው የጣሪያው ጫፍ ላይ ወጥቷል። በሩ ላይ አያ ጅቦ አንድ ጆንያ ሥጋ ተሸክሞ ቆሟል።

«ትዕዛዛችሁን አምጥቻለሁ» አለ።

«እኛ ሥጋ አላዘዝንም» አለች የሙሽሪት እናት ከበሩ ጀርባ።

«አያ ጅቦ፣ በግ ሥጋ ሲበላ አይተህ ታውቃለህ?» አለችው አህያዋ።

ጅቡ ስልኩን አየ። «እኔ እንኳ አላየሁም። ስልኩ ግን ሳያይ አይቀርም።»

«ሥጋው የማን ነው?»

«የአንበሳ ምሳ መሰለኝ» አለ ጅቡ።

«ታዲያ ቀበሮን አትጠይቀውም?»

«ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሱቁ ላይ “ፕሮግራሙ ተቋርጧል” የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ አሁን ጫማ ይሸጣል አሉኝ።»

ከበሩ ጀርባ የሙሽሪት እናት መጀመሪያ ሳቀች። ጓዳው ተከተለ፤ ጣሪያው ላይ ያለው ሙሽራ እንኳ ሳቁ አላስቆም ብሎት ሊወድቅ ነበር። አህያዋ ግን ጅቡ አሳዘናት። ስልኳን አውጥታ በወንዙ በኩል የሚያቋርጠውን መንገድ አሳየችው።

«ቶሎ ከሄድክ ከምሳ በፊት ትደርሳለህ። ነገ ደግሞ የድሮ ደንበኞችህን ቤት ለቤት ዞረን ስማቸውን እንጽፋለን። ብቻህን ከሄድክ የሚከፍትልህ የለም።»

«አንቺ አብረሽኝ ትዞሪያለሽ?»

«እዞራለሁ። አሁን ሩጥ፤ መንገድ ላይ ደግሞ እንዳትቀምስ።»

ጅቡ ሮጠ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቁራሽ ሳይቀምስ ሥጋውን ለባለቤቱ አደረሰ። ከበሮው እንደገና ተመታ፤ በጎቹም አህያዋን ከዳሱ መሃል አስገብተው እስኪደክማት አስጨፈሯት።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንሠራበት መሣሪያ ሊቋረጥ ነው ሲሉን በወሬ ተደናግጠን የያዝነውን ከመጣላችን በፊት፣ ሠሪውን ሄደን መጠየቅ እንደሚገባን ነው።