ቆጥ የሆነው ሞፈር

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ከጓሮው ዐሥር ሴት ዶሮና አንድ አውራ ዶሮ ነበረው።

ጓንጉል፣ የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «ልጄ እንጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ከባሏ ቤት ሸሽታ መጣች። ሽማግሌ ይዘው ይመልሱልኝ ወይስ ከእኔ ዘንድ ትቀመጥ?» ነው ያልኸኝ። ሌላ ብልሃት የለኝም፤ የማውቀው ይህን የዶሮ ነገር ነው። ተቀመጥና ስማኝ።

የዚያ ሰው አባት ሞተ። ጎበዝ አራሽ የነበረ፣ አገር የሚያከብረው ሰው ነው። ልጁ የአባቱን ሞፈር ሊያርስበት ቢል አርጅቷል፣ ተሰነጣጥቋል። ሊያነደው ደግሞ ልቡ አልቆረጠለትም። «እኔን ያሳደገ እንጨት ነው» አለና ከዶሮዎቹ ቤት አጋድሞ ቆጥ አደረገው። ዶሮዎቹ እላዩ ላይ ተደርድረው ሲያይ አባቱን ያየ ይመስለው ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ዶሮዎቹ ጠወለጉ። እንቁላል አነሰ። ራሳቸው ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ ነጣ። አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች፤ ከሁሉ አብልጣ የምትጥል፣ ሲጠሯት መጥታ ከእጅ ላይ የምትበላ። እሷ ሲመሽ አልገባም አለች። ሌሎቹ እየተጎተቱም ቢሆን ይገባሉ። እሷ ከቤቱ ጀርባ ካለው ብሳና ላይ ትወጣለች።

ጎረቤት ሳቀበት። «ምነው አያ፣ ዶሮህ ጭልፊት ሆነች እንዴ? ነገ ደግሞ ጫጩት ልትነጥቀን ነው!»

ሰውየው አፈረ። ፈራም፤ ውጭ ሸለምጥማጥ አለ። በረጅም ዘንግ ገፍቶ አወረዳት። ስትወርድ ቅርንጫፍ ክንፏን ቧጠጣት፤ ደማች።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን ያዝልኝ። ቁስሏን ለብ ባለ ውሃ አጠበ። ዶሮ ደም ካየ እየጠቀጠቀ ይጨርሳልና፣ ደሙ እንዳይታይ ጥላሸት በቅቤ ለውሶ ቀባላት፤ እስኪደርቅም ለብቻዋ አቆያት። ዳነች። እንደዳነች ወደ ቆጡ መለሳት። እሷም ወደ ብሳናዋ ተመለሰች።

ሚስቱ «ቅንቅን ይዟት እንዳይሆን» አለችው። በቀትር ፀሐይ ይዞ ላባዋን እየገለጠ አንገቷን፣ ከክንፏ ሥር፣ ከጭራዋ ሥር አየ። ንጹሕ ነው።

«ምንም የለባትም፤ አመል ነው» አለ።

«አንተ ሰው፣ ዶሮ ሲመሽ ቤቷን ትወዳለች። እሷን ማገላበጡን ተውና ቤቱን እይ።»

«ቤቱ ምን ሆነ? ዘጠኙ ያድሩበት የለም እንዴ?»

«እንጨቱን ማለቴ ነው። ያን አሮጌ ሞፈር።»

«የአባቴን ሞፈር! አባቴ ሞቶም አላረፈልሽም?»

ሴትየዋ ወደ ስንዴ ለቀማዋ ተመለሰች።

አትቁነጥነጥ ጓንጉል። «ስለ ልጄ ብጠይቅ ስለ ዶሮ ያወሩኛል» ብለህ ነው አይደል? ልጅህ ዘንድ እየደረስሁ ነው።

ገብስማዋ መታቀፍ አማራት። ሰውየው ደስ አለው። «ጫጩት ስታወጣ ቤቷን ትለምዳለች» አለ። ከቆጡ ሥር ጭድ ጎዝጉዞ ዐሥራ ሁለት እንቁላል አስታቀፋት። እሷ ግን ቀን ትታቀፍና ሲመሽ ትታው ትወጣለች። እንቁላሉ እንዳይበርድ ብሎ ቅርጫት ደፋባት። ቅርጫቱን ገፍታ ወጣች። ከቅርጫቱ ላይ ድንጋይ ጫነበት። በቀን አንድ ጊዜ ገልጦ ጥሬና ውሃ ይሰጣታል፤ መልሶ ይደፋባታል። ሁለት ሦስት ቀን ጮኸች። ከዚያ ዝም አለች።

«ይኸው ለመደች» አለ ለሚስቱ።

በዘጠነኛው ቀን ቅርጫቱን ሲያነሣ፣ እንቁላሏን እንደታቀፈች ሞታለች። ቢያነሣት እንደ ገለባ ቀለለችው። ከሥሯ ያለው ጭድ ይላወሳል። ያን ጊዜ ዐይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሞፈሩ ሄደ። አውርዶ በመጥረቢያ ፈለጠው። በየስንጥቁ ቅንቅን ነው፤ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ደም ጠጥቶ የቀላ። እንጨቱ ራሱ የደማ መሰለ። ለካ ቀን ቀን ስንጥቁ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሲመሽ ወርዶ ይጠጣታል። በቀትር ቢያገላብጣት ምን ሊያገኝ ኖሯል?

ሞፈሩን አነደደው። የዶሮዎቹን ቤት በፈላ ውሃ አጠበ፤ አመድ ነሰነሰበት። ዘጠኙ ዳኑ። ሚስቱ «ነግሬህ ነበር» አላለችውም። ብትለው ይሻለው ነበር።

እንግዲህ ጓንጉል፣ ገብስማዋ እንጉዳይ ናት። ሞፈሩ ያ የአማቾችህ ቤት ነው፤ አገር የሚያከብረው፣ ለስሙ ስንል እጃችንን ያልሰደድንበት። መጀመሪያ ስትመጣ «መታሽ ወይ?» አልናት። «አልመታኝም» አለች። ሁለተኛ ስትመጣ ሴቶች ገላዋን አዩ፤ ንጹሕ ነው። «ስትወልድ ትረጋለች» አልን። ቀን ቀን ነው ያየናት፣ ጓንጉል። ባሏ ሰው ፊት «እሜቴ» የሚላት በቀን ነው።

ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌ ሆኜ ከፊት የሄድሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ከደጃፋቸው ስንደርስ የጋቢዬን ጫፍ ያዘችና፣ «አባባ፣ አንድ ሌሊት ብቻ እዚህ ይደሩና ይዩ» አለችኝ።

«ከብት የሚያስገባልኝ የለም» አልኋት።

ጠላቸውን ጠጣሁ፤ መረቅሁ፤ ሳይመሽብኝ ቤቴ ገባሁ። ከብቶቹ ራሳቸው ገብተው ነበር የጠበቁኝ።

አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ይምሩ ትለኛለህ። አልሄድም። አንተም አትመልሳት። ቁስል ፍለጋ ገላዋን አታገላብጥ፤ የምትነግርህን ስማ። ባትነግርህም፣ ሸሽታ መምጣቷ ራሱ ነገር ነው። ልጅህ ገና በሕይወት አለች፤ ብሳናው ላይ ናት። ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ቅርጫቱን የያዝኸው አንተ ነህ። ድንጋዩን ግን ሁለት ጊዜ የጫንሁባት እኔ ነኝ። ይህን ለእንጉዳይ ንገርልኝ። ትናንት በደጄ ስታልፍ «እንደምን ዋሉ አባባ» ብላኝ፣ ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።