ዴክ ውስጥ የታሰረችው እናት

በአንድ ወቅት፣ የዲቪዲ ዴክ ከየሰው ቤት እየወጣ ሲጣል፣ ደብረ ታቦር ውስጥ አልጋ የያዙ አንድ አባት ነበሩ፤ ጋሽ ወንድይራድ። ሚስታቸው የሺመቤት ከሞተች ቆይታለች። እስክስታ ስትወርድ የሚያሳይ አንድ የሠርግ ዲቪዲ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የተበላሸው ዴክ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ብሏል።

አባት ሦስት ሴት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ሳልሞት አንዴ ልያት። ከዚያ ዴክ ያስፈታችልኝ፣ እናታችሁ ያን ቀን የለበሰችውን ቀሚስ ትውሰድ» አሉ። ቀሚሱ አንድ ነው፤ የሚመኙት ሦስቱም።

ታላቋ ትርንጎ ቢላ አነሳች።

«ተይ፣ ይሰበራል!» አሏት እህቶቿ።

«ተቀምጦስ ምን ሊሆን? እንቁላል ነው እንዴ የሚፈለፈለው?»

ዴኩን ገነጠለችው። ዲቪዲው ጠርዙ ላይ ተሰነጠቀ፤ ቢሆንም ፎቶ ቤት ሮጣ ኮምፒውተር ላይ አስገለበጠችው። ከዚያ በኋላ ዳግም አልነበብ አለ።

ፋይሉ ሲከፈት ግን፣ እናት ትከሻዋን በነቀነቀች ቁጥር ሰውነቷ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ለምን መሰላችሁ? የድሮ ካሜራ ሥዕሉን ባንዴ ሙሉ አያነሳም። መጀመሪያ ከሥዕሉ አግድም መስመሮች አንድ አንድ እየዘለለ ያነሳል፤ ቅጽበት ቆይቶ የዘለላቸውን። የድሮ ቴሌቪዥን ሁለቱን ግማሾች በየተራ ያሳያቸው ነበር። አዲሱ ስክሪን ሁለቱን ይደርባቸዋል፤ እስክስታ ደግሞ ቅጽበት አይጠብቅም፣ ትከሻው ቦታ ቀይሯል! ሠርጉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ደህና ናቸው፤ የሚቆራረጠው የሚጨፍረው ነው።

መካከለኛዋ እማዋይሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተተከለች። ከስልኳ እየተማረች፣ እየሳተች፣ እየደገመች፣ ሁለቱን ግማሾች ለያይታ የጎደላቸውን መስመር ሞላች። ትከሻው እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ለአባት አሳዩአቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ይቺን አላውቃትም።»

«እንዴ አባዬ! እማዬ እኮ ናት!»

ትንሿ ውድነሽ አልተከራከረችም፤ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እማዬ ምን ትመስል ነበር?»

«ቀጭን። ሸንበቆ።»

ለካ ጠባቡ የድሮ ሥዕል በሰፊው ስክሪን ልክ ተለጥጦ ኖሯል! ውድነሽ ስፋቱን ወደነበረበት መለሰችው። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ቁልፍ መንካት።

ጋሽ ወንድይራድ ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበት ከየት ይምጣ፣ ትከሻቸው ብቻ ነቅነቅ አለ። «የሺ!» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ቀሚሱን ላስፈታቻት ስጡልኝ።» ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።

ከቀብር መልስ ክርክሩ ተነሳ።

«እኔ ባልሰብረው ማን ያያት ነበር?» አለች ትርንጎ።

«ቆራርጠሽ አይደል ያመጣሻት?» አለች እማዋይሽ።

«አባዬ ካላወቃት ለማን ፈታችኋት?» አለች ውድነሽ።

ቀሚሱ ዛሬም ሳጥን ውስጥ ነው። እንደ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሦስት ቁልፍ ተበጅቶለት እህትማማቾቹ አንድ አንድ ይዘዋል፤ ሦስቱ ካልተስማሙ አይከፈትም። ውስጥ ደግሞ ብል ገብቷል። እናንተ የምትሰሙ፣ ብሉ ሳይጨርሰው ፍረዱ፦ የሺመቤትን ያስፈታቻት የትኛዋ ናት?