ቀዛፊውና በክንዱ ውስጥ የነበረችው ክር

አንድ ሰው ነበረ፤ በሐይቅ ላይ ሰው እያሻገረ የሚኖር ቀዛፊ። ልጄ፣ «መምህር፣ ሰው የገዛ ሰውነቱን እያወቀ መሣሪያ ለምን ይነግረዋል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

ቀዛፊው የስኳር በሽታ ነበረበት፤ ስኳሩን የሚያወርድለትን መድኃኒት በመርፌ ይወጋል። ሐኪሞች ከክንዱ ቆዳ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር አስገቡለት። ክሯ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ስኳር ስታገኝ ጥቂት ኤሌክትሪክ ታፈልቃለች፤ ስኳሩ ሲበዛ ኤሌክትሪኩ ይበረታል፣ ሲያንስ ይደክማል። ይህንኑ ያለ ዕረፍት ወደ ስልኩ ትልካለች፤ ስኳሩ ከልክ በታች ሲወርድ ስልኩ ይጮኻል። እሱ ግን አልወደዳትም። «ይህን ሐይቅ ዓይኔን ጨፍኜ የማቋርጥ ሰው፣ የራሴን ደም ክር ትንገረኝ?» እያለ ያጉረመርም ነበር። የታገሣት ክሯን አስገባ ብላ የለመነችውን ሴት ልጁን ላለማስቀየም ብሎ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ ከሐይቁ ደሴት ወደ ዳር ልትሻገር ተሳፈረች። ቀዛፊው መድኃኒቱን ተወግቷል፤ ተሳፋሪዋን ላለማስቆየት ብሎ ግን ምሳውን ሳይበላ ተነሣ።

መሃል ሐይቅ ሲደርሱ ነፋሱ ዝም ያለ መሰለው። ውኃው ወተት መሰለ። መቅዘፊያው ክብደት አጣ፤ ክንዶቹ የማን እንደሆኑ ጠፋው። ሰማይና ውኃ አንድ ሆነው፣ ጀልባው በመካከላቸው ይንሳፈፋል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ራቅ ብላ ውኃው ላይ የሞተችው ሚስቱ ቆማለች። «ና እንጂ፣ ምነው ዘገየህ?» አለችው በለሆሳስ። ጀልባውን ወደ እሷ አዞረ።

«አባባ፣ ወዴት ነው? በዚያ በኩል እኮ ማዕበል ነው!» አለች እናቲቱ።

«አይዞሽ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» አላት ፈገግ ብሎ።

ስልኩ ጮኸ። የውኃ ወፍ መሰለው። ደግሞ ጮኸ።

«አባባ፣ ላብ አጥምቆዎታል! ስልክዎ ስኳር አነሰ ይላል!»

ሊቆጣት ዞር ሲል ከእናቱ ጀርባ የተንጠለጠለውን የሕፃኑን እግር አየ። ‹እኔ ደህና ነኝ› አለ በልቡ። ‹ግን ክሯ እውነቷን ከሆነስ?› ሐሳቡን አልጨረሰም። መቅዘፊያውን ለሴቲቱ ሰጣት፤ ከኪሱ ስኳር አውጥቶ ቃመ። የቃመውም እያለቀሰ ነው፤ ሚስቱን ሁለተኛ የሚቀብራት መስሎታልና።

ጥቂት ቆይቶ ሚስቱ እንደ ጉም ሳሳች፤ ጠፋችም። ነፋሱ ፊቱን መታው። ከፊቱ ማዕበሉ አረፋ ደፍቆ ይመጣል። ጉልበቱ ሲመለስለት መቅዘፊያውን ተቀብሎ ጀልባውን መለሰ፤ እናትና ልጅን በደህና አሻገረ።

እንግዲህ ልጄ፣ ነገ ነርስ ስትሆኚ እንዲህ ያለውን ሰው «አያውቅም» ብለሽ አትናቂው። ሐይቁን ያውቃል፤ ሰውነቱንም ያውቃል። ነገር ግን የሚያውቅበት አእምሮ የሚጠጣው ከዚያው ደም ነው፤ የደሙ ስኳር ሲጎድል አብሮ ይጎድላል፤ ሰካራም መስከሩን እንደማያውቅ። ሁላችንም ያን ቀዛፊ እንመስላለን፤ መንገድ በሳትንበት ሰዓት ልባችን ደስ ሊለው ይችላል። ብልህ ሰው እንደ ክሯ እውነቱን የሚነግረውን ምስክር የሚይዘው ከዚያ ሰዓት በፊት ነው።