በሩ የመታው ኮርድ

ዘመኑ 2014 ዓ.ም. ነበር፤ የሐምሌ ዝናብ ሳያባራ ሰንብቷል። አንድ ባለማሲንቆ ገበሬ ዜማውን ሊያስቀርጽ ወደ አቶ ልዑልሰገድ ስቱዲዮ መጣ። አቶ ልዑልሰገድም ኮምፒውተሩን እያሳየ፣ «ይህ ፕሮግራም ኮርድ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆችን፣ እንደሰማ ወዲያው ስሙን ይጽፋል። ያንተን ካልጻፈ ሙዚቃ አይደለምና አልቀርጽህም» አለው።

ገበሬው ባለ አንድ ክር ማሲንቆውን አንስቶ አንጀት የሚበላ ትዝታ ተጫወተ። ኮምፒውተሩ ምንም አልጻፈም።

«አየህ? አላወቀህም! በል ውጣ!»

ገበሬው ተነሥቶ በዝናብ ያበጠውን በር ሲገፋው ሲጢጥ አለ። ኮምፒውተሩ ወዲያው «ዲ ማይነር» ብሎ የኮርድ ስም ጻፈ።

«ጌታዬ» አለ ገበሬው በሩን እንደያዘ፣ «ለካ ሙዚቀኛው በርዎ ኖሯል! እሱን ይቅረጹት፤ እኔ እየከፈትኩ እየዘጋሁ አጫውተዋለሁ።»

አቶ ልዑልሰገድ ሳቁን መቆጣጠር ቢያቅተው ፕሮግራሙን ዘግቶ ማይክሮፎኑን ከፈተ። ገበሬው ግን ከመቀመጡ በፊት ተመልሶ፣ እንዳይሻማው ብሎ፣ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።