እሳት ያልጫረችው ጃርት

ጠጋ በሉ። ጠጋ ያላለ ጎኑን ብርድ ያገኘዋል፣ ከወሬውም ግማሹ ያመልጠዋል። ዱሮ ነው፣ በጣም ዱሮ። አውሬ ሁሉ ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ በሚኖርበት ዘመን፣ አባቴ ስሙን ሳይነግረኝ በሞተ አንድ አገር፣ አንዲት ጃርት ነበረች።

ይህች ጃርት ባል ነበራት። አንድ ክረምት ወንዝ ሞላና ጉድጓዳቸውን ከነባሏ ይዞባት ሄደ። ቀባሪም አልተገኘ፣ የሚቀበርም አልተገኘ። ወንዙ ሲጎድል የተረፋትን ሥራሥር በአንዲት አቁማዳ ቋጠረችና ተሻግራ፣ ከተራራ ሥር ወዳለ የማታውቀው መንደር መጣች። ከመንደሩ ዳር ባዶ መሬት አገኘች። እንጨት ለቀመች፣ ጎጆ ቀለሰች፣ ደጇ ላይ ቁጭ አለችና መጠበቅ ጀመረች።

ምን ትጠብቃለች አትሉም? እሳት ነዋ! በእሷ አገር ደንብ፣ አዲስ ሰው መንደር ሲገባ እሳት ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው። በገል ላይ ፍም ይዞ ይመጣል፣ "ምድጃሽ ይሙቅ" ይላል፣ ከዚያ ጨዋታ ይጀመራል። ሳያመጡለት ቀድሞ የሰው ደጅ ሄዶ እሳት የሚለምን እንግዳ ቢኖር "ምን ያለ ዓይን አውጣ ነው!" ይባላል። ጃርትን እናቷ ያሳደገቻት እንዲህ እያለች ነው።

የዚያ መንደር ደንብ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። እዚያ እሳት የሚጭረው እንግዳው ራሱ ነው። በመጣ ማግሥት ገሉን ይዞ ደስ ያለውን ደጅ ይመታል። ፍሙን ይሰጡታል፣ ከየት መጣህ ይሉታል፣ ጥሩ ውሃ የት እንዳለ፣ ሣር ከየት እንደሚታጨድ፣ ጣራ አሳምሮ የሚከድን ማን እንደሆነ ይነግሩታል። ሳይመጣ የቀረ እንደሆነ ግን "ብቻዬን ልሁን ማለቱ ነው" ብለው በአክብሮት ይተዉታል። ያልጠራንን ደጅ አንገፋም ባዮች ናቸው።

እንግዲህ እሷ ይመጣሉ ብላ ትጠብቃለች። እነሱ ትመጣለች ብለው ይጠብቃሉ። ክፋት የለም፣ ጠብ የለም፤ ጉዱ ይሄው ነው።

በማለዳ እማማ ኤሊ የሚባሉ ጎረቤት እንስራቸውን አዝለው በደጇ ያልፋሉ።

"እንደምን አደርሽ?"

"እግዜር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?"

"ይመስገን።"

ያልፋሉ። ጃርት እጃቸውን ታያለች፤ ፍም የለም። በማግሥቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሥራሥሩን ጥሬውን እየቆረጠመች ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ከራበው ሆዷ ይልቅ የከፋው ልቧ አስቸገራት።

በዚያ መንደር ምላሱ ቅቤ የሆነ ቀበሮ ነበር። ሳያርስ የሚበላ፣ ሳይጠሩት የሚደርስ። በአራተኛው ቀን እየተሽኮረመመ መጣ።

"እታለም፣ ምነው ከቤትሽ ጭስ አይታይም?"

ጃርት ቆሞ ያናገራት ሰው በማግኘቷ እንባዋ ግጥም አለ። "እሳት የሚያመጣልኝ ጠፋ፣ አያ ቀበሮ። በኛ አገር ጎረቤት ነው የሚያመጣው። እዚህስ እንዴት ነው? ሄጄ ልጠይቅ ይሆን?"

ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባው። የሁለቱንም አገር ደንብ ያወቀ እሱ ብቻ ሆነ። ከጥግ የተቀመጠችውንም አቁማዳ አየ።

"እንዳታደርጊው!" አለና ዓይኑን አፈጠጠ። "የዚህን መንደር ሰው አታውቂውም፣ እታለም። እዚህ የጠየቀ ይሳቅበታል፣ የለመነ ይሰደባል። አንቺ እኔን ጠይቂ፤ ከኔ በቀር ማንንም አትጠይቂ።"

ሮጦም ወደ እማማ ኤሊ ቤት ሄደ። "እማማ፣ ምድጃዬ ጠፍቶብኝ ነው፣ ትንሽ ፍም" አለ። ሰጡት። "ያቺ አዲሷ ጎረቤታችን ደህና ናት?" ብለው ጠየቁት። "ኧረ እሷስ ሰው አልወድም ብላለች! እንደምን ዋልሽ ብላት እሾኋን አቁማ አባረረችኝ" አላቸው። ፍሙን ለጃርት ወስዶ ሰጠና "ከሦስት ተራራ ማዶ ነው ያመጣሁልሽ" ብሎ ግማሹን ሥራሥር ወሰደ።

ሌላ ቀን ጃርት ጠየቀች፤ "አያ ቀበሮ፣ ጥሩ ውሃ የት ይገኛል?"

ጥሩው ውሃ እዚያው መንደሩ ውስጥ ካለው ሾላ ዛፍ ሥር ነው። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ የሚቀዱት፣ እንስራ እስኪሞላ የሚጫወቱት እዚያ ነው። ቀበሮ ግን "የሾላው ምንጭ አልቅት አለበት፣ እታለም። ገደሉን ውረጂ፣ ከታች ጠበል የመሰለ ውሃ አለ። ብቻ ሌላ ሰው እንዳትጠይቂ፤ እኔን ጠይቂ" አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሽ ቀን ወርዳ፣ ግማሽ ቀን ወጥታ፣ አንድ ሰው ሳታገኝ ውሃ ትቀዳለች። ሴቶቹ ምነው ወደ ምንጩ አትመጣም ሲሉ ደግሞ ቀበሮ "ውሃችሁ ይሸታል ብላለች" ይላቸዋል። ለዚህ ምክሩም ከቆፈረችው ሥራሥር ግማሹን ይወስዳል።

ሌላ ቀን ደግሞ ጠየቀች፤ "አያ ቀበሮ፣ ጣራዬ ሣር ይፈልጋል። ጎበዝ ከዳኝ ማን ነው ትለኛለህ?"

የዚያ አገር ጎበዝ ከዳኝ ከርከሮ ነው። እሱ የከደነው ጣራ ሰባት ክረምት አያፈስም። ቀበሮ ግን "ከርከሮ ነው የሚሉሽ፤ ቤቱን ከድኖ ሲጨርስ ባለቤቱን አስወጥቶ ራሱ ይገባበታል። እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ትጠይቂያለሽ?" አለና ሁለት እቅፍ ሣር ጣራዋ ላይ በትኖ፣ የቀረውን ሥራሥር ተሸክሞ ሄደ። ጃርት ተጋድማ ሰማዩን በጣራዋ ታያለች።

ብቸኝነት ክፉ ነው፣ ልጆቼ። በአንድ በኩል የማያምም፣ ሁለመናን የሚያምም በሽታ ነው። ጃርት ራሷ ትጠይቃለች፣ ራሷ ትመልሳለች። ራት ስታቀርብ እጇ ሳያስበው ለሁለት ይከፍላል፤ ያንዱን መልሳ ታነሣለች። አንድ ቀን አስነጠሳት። ጠበቀች። የሚላት ሲጠፋ ራሷ "ይማርሽ" አለች። "ያኑርሽ" ብላ ራሷ መለሰች። ከዚያ አለቀሰች።

ማዶ ደግሞ ደቦ ነበር። ሳቁ፣ ሆታው እስከ ደጇ ይሰማል።

"አያ ቀበሮ፣ ምን እያሳቃቸው ነው?"

"አንቺ ነሻ፣ እታለም።"

"እኔ? ምን አድርጌ?"

"እሾህሽን አይተው ነው። ግን አንቺ ምን ቸገረሽ፣ እኔ አለሁልሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጅ መቀመጥም ተወች።

በጋው ገፋ። መሬቱ ደረቀና ሥራሥሩ ለጥፍር እንኳ አልበገር አለ። አቁማዳዋ ባዶ ሲሆን የቀበሮም እግር ተቆረጠ። እሳቷ ጠፋ። ተራራው ላይ ጥቁር ደመና መሰብሰብ ጀመረ። ጃርት ቀዳዳውን ጣራ አየች፣ ደመናውን አየች፣ ባሏን የወሰደውን ወንዝ አሰበች። በዚያ ጎጆ ክረምትን እንደማትወጣው አወቀች። "እዚህ ብሞት ስንት ቀን ቆይተው ያገኙኝ ይሆን?" አለች። የምትሄድበት አገር ባይኖራትም ባዶ አቁማዳዋን ተሸከመችና ልትሄድ ወጣች።

መንገዱን እንደ ጀመረች ከእማማ ኤሊ ቤት እሪታ ተሰማ። አልጋ ላይ የከረሙት ሽማግሌ ባላቸው፣ አባ ኤሊ፣ ዐርፈው ነው። የመንደሩ ሰው ከየአቅጣጫው ይሮጣል። ጃርት መንገድ ላይ ቆመች።

ብሄድ ይስቁብኛል፣ ምን ልታደርግ መጣች ይሉኛል አለች። አንድ እርምጃ ወደ ገደሉ ሄደች፤ ተመለሰች። ሠርግ ጥሪ ይፈልጋል፣ ድግስ ጥሪ ይፈልጋል። ለቅሶ ግን በየትኛውም አገር ጥሪ የለውም። እማማ ኤሊ ደግሞ በየማለዳው እንደምን አደርሽ ብለዋታል። "ቢያባርሩኝ እንኳ አልቅሼ ልባረር" አለችና ወደ እሪታው ዞረች።

ለቀስተኛው ከግቢው ዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጧል። ቀበሮ ዘመድ መስሎ ከንፍሮው ቁና አጠገብ ቦታ ይዟል። ጃርት ማንንም እንዳትወጋ እሾኋን አስተኝታ፣ ከዳር ከሁሉም ኋላ ተቀመጠች። ኋላ አንዲቱ አልቃሽ "ዋ ያልተሰናበትሁህ!" ስትል ጃርት አልቻለችም። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ የሚሉት ደረሰባት። ከባለቤቶቹም በላይ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

"ሰው አልወድም አለች አልተባለም እንዴ?" አለ ከርከሮ በሹክሹክታ።

እማማ ኤሊ በዝግታ ተነሡ፤ ያው እንደምታውቋቸው ነው፣ እስኪደርሱ ጊዜ ወሰደባቸው። ከፊቷ ቆሙ።

"ልጄ፣ ለኔ ሽማግሌ እንዲህ ታነቢለት ኖሯል። ታዲያ ምነው በቁም ሳለ ደጃችንን ሳትረግጪ? እሳት እንኳ አልጫርሽ። ምን አስቀየምንሽ?"

ጃርት እንባዋን ጠረገች። "እኔ ነኝ የምጭረው?"

"ታዲያ ማን ነው?"

"በኛ አገር ጎረቤት ነው የሚያመጣው፣ እማማ። እኔማ ትመጣላችሁ ብዬ ደጄ ላይ ጠበቅኋችሁ።"

እማማ ኤሊ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "እኛም እኮ ትመጪያለሽ ብለን ጠበቅንሽ! ኋላ ቀበሮ 'ሰው አልወድም ብላለች' ሲለን ጊዜ ተውንሽ።"

"እኔ? እኔ እንዲህ ብዬ?" ጃርት ተነሥታ ቆመች። "ሄጄ ልጠይቅ ወይ ስለው 'የጠየቀ ይሳቅበታል፣ ከኔ በቀር ማንንም አትጠይቂ' ያለኝ እሱ! ውሃችሁ አልቅት አለበት ያለኝ እሱ! ከርከሮ ቤትሽን ይቀማሻል ያለኝ እሱ!"

"ማን? እኔ?" አለ ከርከሮ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ።

ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ አፉን በንፍሮ ሞልቶ ነበር። መዋጥ አልቻለ፣ መትፋት አፈረ። ያ ስንት ቤት ያለያየ ምላስ በባቄላና በስንዴ መካከል ተቀርቅሮ "እምም፣ እምም" ብቻ አለ። ሾልኮ ሊሄድ ሲነሣ ከርከሮ ጅራቱን ረገጠው።

"ለቅሶ ቤት ነውና አልመታህም" አለው። "ዝናብ ሳይወርድ ግን የዚህችን ሴት ቤት እከድናለሁ። ሣሩን የምታጭደው አንተ ነህ። የምታጭደውም ከገደሉ ሥር፣ ተሸክመህ የምታወጣውም ብቻህን።"

እማማ ኤሊ ግን ቀበሮንም ከርከሮንም አላዩም። ጃርት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጃርት እሾኋ እንዳይወጋቸው ሸሸት ስትል "ተይ፣ እኔ ድንጋይ ለብሼ የለም እንዴ!" አሉና ይበልጥ ተጠጉ።

"ልጄ፣ ይህ ሁሉ እንባ ለኔ ባል ብቻ አይደለም። ማን ሞቶብሽ ነው?"

"ባሌ። ወንዝ ወሰደብኝ።"

"ተቀበረ?"

"አልተገኘም።"

"ስሙ ማን ነበር?"

ወንዙን ከተሻገረች ጀምሮ ይህን የጠየቃት አልነበረም። እሷም ስሙን ጮክ ብላ ጠርታ አታውቅም፤ ለማን ብላ ትጠራዋለች?

"አንዳርጌ" አለች።

እማማ ኤሊ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ። "ስሙኝማ፣ ይህ የአንድ ሰው ለቅሶ ብቻ አይደለም። የዛሬው ለቅሷችን የሁለት ሰው ነው። አንዳርጌ የሚባል የዚህች ጎረቤታችን ባል ነው፤ ሰው አላለቀሰለትም" አሉ።

ከርከሮ የቀበሮን ጅራት ለሌላ ሰው አስረገጠና ተነሣ። በዚያ ወፍራም ድምፁ "አንዳርጌ!" ብሎ ጮኸ። አልቃሾቹ ተቀበሉት። ያላዩትን፣ ያልሰሙትን፣ ከወንዝ ማዶ የጠፋውን ጃርት በስሙ እየጠሩ እስኪመሽ አለቀሱለት። ጃርት ደግሞ በእማማ ኤሊ ድንጋይ ጀርባ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ፣ በዓመቱ መርዶ ተቀመጠች።

ሣልስቱ ሲወጣ ቤቷ ተከደነ፤ በማግሥቱ ዝናቡ ወረደ። ጃርትም አረጀች፣ ልጅም ባታገኝ ብቻዋን አልሆነችም፤ ስታስነጥስ ከሁለት ቤት "ይማርሽ" ይሏታል። ቀበሮስ? ቀበሮማ እስከ ዛሬ አገር ለአገር ይዞራል፣ በአንዱም መንደር ቤት የለውም። በሩን ዘግቶ የሚጠብቅ ሰው ግን መቼም አላጣ።

ያባቴን ወሬ እንካችሁ። ጎረቤት ለሌለው ንገሩልኝ፤ ስትነግሩም መጨረሻ ላይ እንዲህ በሉ፦ የሰው ደጅ የረገጠ ጎረቤት ያገኛል፤ የራሱን ደጅ የጠበቀ ቀበሮ ያገኛል።