የደም ቅጠሎች ዋሻ

በዚያ ዱር ሥርዓት ነበረ። አንበሳ ይነግሣል፣ ጅብ ጸጥታ ያስከብራል፣ የቀሩት ይጠበቃሉ። ጸጥታው በእርግጥም የተከበረ ነበር፤ ይጮኹ የነበሩት በሙሉ ተበልተዋልና። ሳር በሎቹ በዓመት አንድ ጊዜ በንጉሡ ፊት ተሰብስበው ስለ ጥበቃው ምስጋና ያቀርባሉ።

በዚህ ዱር ይመኙሻል የምትባል ሚዳቋ ትኖር ነበር። ሁለት ግልገሎቿ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ ቆመው ቅጠል መቀንጠብ እያቃታቸው ሞተውባታል። ሦስተኛዋ ልጇ ስንዱ ገና አንድ ዓመቷ ነው። በሽታው በዘር እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ግን የለም። በየሸለቆው ባለመድኃኒት አለ፤ ነገር ግን የቆላው ያየውን የደጋው አያውቅም፣ የደጋው የሞከረውን የቆላው አልሰማም። ሁሉም በየበኩሉ ያክማል፣ በየበኩሉም ይቀብራል።

አንድ ቀን አለቃ ጉሬዛ የተባለው ሽማግሌ ባለመድኃኒት ወደ እሷ መጥቶ ያሰበውን አስረዳት። ከየቤተሰቡ አንዳንድ ጠብታ ደም ከጆሮ በእሾህ ተወስዶ በወርካ ቅጠል ላይ ይደርቃል። በቅጠሉ ጀርባ የቤተሰቡ የበሽታ ታሪክ ከነዘር ሐረጉ ይጻፋል። ቅጠሎቹ ሁሉ በአንድ ትልቅ ዋሻ ይቀመጣሉ፤ የየሸለቆው ባለመድኃኒቶች እዚያው ገብተው ያነባሉ እንጂ ቅጠል ይዞ መውጣት አይፈቀድም። ሚዳቋዎቹ አንቺን ያምኑሻልና ዞረሽ አስረጂልኝ አላት።

«ጅብ ይገባበታል?» ስትል ጠየቀችው።

«አይገባም። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ኤሊ ጋ። እኔ ራሴ ብቻዬን ልግባ ብል አልችልም።»

አመነችው። ጉሬዛ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜም አልዋሸም።

ይመኙሻል ከጥሻ ጥሻ እየዞረች አንድ ክረምት ሙሉ ለመነች። የሞቱትን ልጆቿን የሚያውቅ ሁሉ እሺ አላት። ያስቸገሯት አክስቷ እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ።

«ደሙ የኔ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እሰጥሽ ነበር» አሏት። «ግን የልጆቼም ነው፤ ገና ያልተወለዱትም አሉበት። እነሱን ማን ጠየቀ?»

ይመኙሻል የስንዱን ስም እያነሳች አለቀሰች። እትዬ አስካለ አንጀታቸው አልችል ብሎ ጆሯቸውን ሰጡ። ከቤታቸው የሚወለዱ ወንዶች ሲመሽ ዓይናቸው እንደማያይ፣ ለጎረቤት እንኳ ተንፍሰውት የማያውቁትን ነገር ሳይቀር አስጻፉ።

በሁለተኛው ዓመት መድኃኒቱ ተገኘ። የቆላውና የደጋው ባለመድኃኒቶች ቅጠሎቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ሲያነቡ፣ ጉልበታቸው የሚከዳቸው ሁሉ ከአንዲት ቅድመ አያት የወረዱ መሆናቸውን አወቁ። ከዚችው ቅድመ አያት ዘር መካከል አንድ የቆላ ሥር የሚበሉት እንደማይታመሙም ደረሱበት። ያን ጊዜ ስንዱ ወድቃ ነበር። ሥሩን መብላት በጀመረች በአሥራ አንደኛው ቀን ተነሥታ ቆመች።

በዚያው ሰሞን ጉባኤ ተጠራና አያ ጅቦ ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ ዋሻው ክብር፣ ከሌላ ዱር ስለሚመጡ ሌቦች፣ ስለ ንቁነት ተናገረ። እንዲህ ያለውን ሀብት ለአንድ ጉሬዛና ለአንድ ኤሊ መተው አደጋ ስለሆነ፣ ብቻውን የሚከፍት ሦስተኛ ቁልፍ ለጸጥታ አስከባሪዎች ይሰጥ አለ። ንጉሡ የሚቃወም ካለ ይናገር ብሎ ጠየቀ። ኤሊ አንገቱን አስገባ። ጉሬዛ መሬት መሬቱን አየ። ሚዳቋዎቹ ወደ ይመኙሻል ዞሩ። እሷ ግን ስንዱ አጠገቧ በአራት እግሯ ቆማ ነበርና፣ ብትናገር ሥሩን የሚከለክሏት መስሏት ዝም አለች። ዝምታውም እንደ ስምምነት ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ ጅቦች መንጋ ማሳደድ ተዉ። ጆሮው የደከመውን ከኋላው ይመጡበታል፤ ልቡ ሩጫ የማይችለውን ዳገት ዳገቱን ይነዱታል። የእትዬ አስካለን ወንዶች ልጆች ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ጀመር። በአንድ በጋ ሦስቱም አለቁ።

በዓመቱ ጉባኤ ይመኙሻል ተነሣች። «የአክስቴ ልጆች ሲመሽ እንደማያዩ የሚያውቅ ከቤተሰቡና ከቅጠሉ በቀር አልነበረም» አለች። «ቅጠሉን ማን አነበበው?»

ንጉሡ በጣም አዘነ፤ ምርመራም አዘዘ። መርማሪ ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ ነበር። ጉሬዛም ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ፤ መዝጊያው አልተሰበረም፣ አንድም ቅጠል አልጎደለም፣ የገባ ሁሉ በተፈቀደለት ቁልፍ ገብቷል አለ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ጉባኤው ዋሻው አስተማማኝ መሆኑን በጭብጨባ አጸደቀ።

ይመኙሻል ጉሬዛን ደጅ ጠብቃ የቤተሰቧን ቅጠሎች እንዲመልስላት ለመነችው።

«መመለሱን እመልስልሻለሁ» አላት ቀና ብሎ ሳያያት። «የተነበበው ግን አይመለስም። ያንቺን ብትወስጂ የእህትሽ ቅጠል ስላንቺ ይናገራል፤ የእህትሽን ብትወስጂ የአጎትሽ።»

«ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

«መድኃኒቱንም ያገኘነው በዚሁ ነው» አላት።

ከዚያ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደ አክስቷ ሄደች። እፊታቸው ተንበረከከች። እትዬ አስካለ አልተቆጧትም። ስንዱ ደህና መሆኗን ብቻ ጠየቋት። ይመኙሻል ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ስንዱ ወለደች። በዚያው ወር፣ ሥሩ ከእንግዲህ በዋሻው የራሳቸው ቅጠል ላላቸው ብቻ ይታደላል የሚል አዋጅ ወጣ። ስንዱ ምን እንደሚሻል እናቷን ጠየቀች። ይመኙሻል ሁለት ቀን ሳትበላ ሰነበተች፤ በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጇን አስከትላ ወደ ዋሻው ሄደች።

ሰልፉ ረጅም ነበር። አብዛኞቹ እሷው ዞራ ያሳመነቻቸው ናቸው፤ ሲያዩዋት መንገድ ለቀው ከፊት አስቀደሟት። ጉሬዛ እሾሁን ይዞ ቆሟል። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው አያ ጅቦ በትሕትና ሰላም አላትና ግልገሏ ማንን እንደምትመስል ጠየቃት። አልፋው ወደ ጉሬዛ ቀረበች። ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ያዩዋት ነበር።

ይመኙሻል የግልገሏን ጆሮ በከንፈሯ ይዛ ወደ እሾሁ አቀረበች።

ሰልፉም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።