የሽመላዋ ልጅ በቅጠሎች መካከል

እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔም ተረቴን ልስጣችሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መፀው በገባበት ወራት፣ አንዲት ኤሊ እናቶቻቸው ምግብ ፍለጋ የሄዱባቸውን ግልገሎችና ጫጩቶች በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ጭንቀታም ሽመላ ልጇን ይዛ መጣች።

«እመት ኤሊ፣ መንጋችን ወደ ሩቁ ሐይቅ ሊነሣ ነው። ልጄ ግን መብረር ይፈራል። ካልቻለ ጥለነው መሄዳችን ነውና እባክዎ ያስተምሩልኝ» አለቻት።

«እኔስ መብረር አላውቅም፣ ልጄ» አለች ኤሊ። «እዚህ ያለው ጨዋታ ብቻ ነው። እስቲ ከልጆቹ ጋር ይዋል።»

ሽመላዋ ልቧ ባያምንም ትታው ሄደች።

የሽመላዋ ጫጩት መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ልጆቹ የረገፈውን ቅጠል ይከምሩና ይዘሉበታል፤ ከዛፉ የሚወርደውንም መሬት ሳይነካ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። አንዲት የጥንቸል ልጅ «ና፣ ያዘው!» ስትለው እሱም ሮጠ፣ ዘለለ፣ ሳቀ። ድንገት ነፋስ መጣና ቢጫውን ቅጠል ሁሉ ወደ ላይ አነሣው። ጫጩቱም አንዱን ቅጠል ሲያሳድድ ክንፉን ዘረጋ።

ሽመላዋ ስትመለስ ልጆቹ ሁሉ ወደ ሰማይ አንጋጠዋል። እሷም ቀና አለች። ልጇ ከዛፉ ጫፍ በላይ፣ ፀሐይ ባበራችው ቅጠል መካከል ይንሳፈፋል። ልትጠራው አፏን ከፈተች፤ እንዳይደነግጥ ፈርታ ግን መጥራቱን ተወችው። ቀስ ብላ ተነሥታ ከጎኑ በረረች።

«እማዬ!» አላት ዞር ብሎ። «አንቺም ልትጫወቺ መጣሽ?»